ጥፋተኛ እጅ ውሃ ያበዛል

መጋረጃውን እኔ ከፈትኩት ብዬ አልዋሽም። ራሱ ነው የወደቀው። ቅዳሜ ጠዋት ማንጠልጠያ ብረቱ ከግድግዳው ተነቅሎ ወረደና አራት ወር ሙሉ ሳላያቸው የኖርኳቸው ተክሎች ፊት ለፊቴ ቆሙ።

መስኮቱ ሰፊ ነው። ደፉ ላይ ሰባት ተክሎች ነበሩ። "ነበሩ" ያልኩት አስቤበት ነው።

ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ታምሜ ነበር፣ ሐዘን ላይ ነበርኩ ብል ሰውም ይረዳኛል፣ እኔም ለራሴ አዝናለሁ። ግን አልታመምኩም። የሞተብኝም ሰው የለም። አንድ ሳምንት ሥራ በዛብኝና ውሃ ሳላጠጣ ቀረሁ። በሚቀጥለው ሳምንት "ነገ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሥራ ጉዳይ አይደለም፣ የሃፍረት ነው። ቅጠሎቹ መጠውለግ ሲጀምሩ አይቻለሁ። አይቼም ፊቴን አዞርኩ። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ እንደሚቀይረው። አንድ ቀን ማታ መጋረጃውን ዘጋሁት፣ ጠዋት አልከፈትኩትም። ቤቱ ትንሽ ጨለም አለ። መብራት አበራሁ፣ አለቀ።

ሰው ተክል የሚያደርቀው ስለሚረሳ ይመስለናል። እኔ አልረሳሁም። በየቀኑ ትዝ ይሉኝ ነበር፣ በተለይ ማታ ጥርሴን ስቦርሽ። እንዲያውም አልፎ አልፎ በብርጭቆ ውሃ ይዤ እሄድና እጄን በመጋረጃው ጠርዝ አስገብቼ ሳላይ አፈስ ነበር። የትኛው ፖት ላይ እንደወደቀ አላውቅም። አንዳንዴ ጠብ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ፣ ወለሉ ላይ ማለት ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ከተክል ሲደበቅ አስቡት።

ከሰባቱ አንዷ ደግሞ የእኔ አልነበረችም። የአደራ ነበረች።

ፊት ለፊቴ ይኖሩ የነበሩ አንድ እናት ነበሩ። እኔ እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ቤታቸውን ሲለቁ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድ ድራሲና ታቅፈው በሬን አንኳኩ። ቁመቷ እስከ ወገቤ ይደርሳል። እንደ በቆሎ ቅጠል ረዘም ያሉ፣ መሃላቸው ቢጫ መስመር ያለባቸው ቅጠሎች ነበሯት። "መኪናው ላይ ትሰበራለች። አንቺ ጋ ትቆይልኝ" አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን ሰጡኝ፣ እደውላለሁ አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ከእኔ ጤና ቀጥሎ የጠየቁት ስለ ተክሏ ነው። ከዚያ ቅጠሎቿ ሲረግፉ መደወል አቆምኩ። ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ተክሏን ደብቄ ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሰውየዋንም አብሬ ከመጋረጃው ጀርባ አድርጌያቸዋለሁ።

እንግዲህ መጋረጃው ሲወድቅ ያየሁት ይሄ ነው።

ፈርኑ ደርቆ ነበር። ደርቆ ስል ትንሽ ጠወለገ ማለቴ አይደለም። በጣቴ ስነካው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ፍርፍር አለ። ፊከሱ አንድ ቅጠል አልቀረለትም፣ ቅጠሎቹ በሙሉ ፖቱ ውስጥና ዙሪያውን ተከምረዋል። ፒስ ሊሊዋ ጉልበቷ እንደከዳት ሰው በአራቱም አቅጣጫ ተዘርፍጣ ተኝታለች። ፖቶሱ ከሁለት ሜትር የሚረዝም ሐረግ አለው፣ ጫፉ ላይ ሦስት ቅጠል ብቻ። መሃሉ ባዶ ገመድ ነው። ጄዱ ቅጠሉና ግንዱ መጋጠሚያ ላይ ሁሉ ትናንሽ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ይዞታል። ጥጥ አይደለም፣ ተባይ ነው። የእማማ ድራሲና ቅጠሎቿ ቡናማ ሆነው ግንዷ ላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

ሰባተኛው ሳንሴቬሪያ ነው። እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምንም አልሆነም። አንድ ቅጠል እንኳ አላጠፈም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አናደደኝ። "ያለ አንቺም እንኖራለን" ያለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በአንድ ቀን፣ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ የአራት ወር ዕዳ ልከፍል ተነሳሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አመጣሁ። ሁሉንም አጠጣሁ፣ እስኪፈስ። አፈር ገዝቼ ሁሉንም ወደ ትልልቅ ፖት አዛወርኩ፣ እንዲመቻቸው ብዬ። ማዳበሪያ ጨመርኩ። የታመመ ሰው ጥሩ ነገር መብላት አለበት አይደል? መጠኑንም ትንሽ አበዛሁት፣ ለካሳ። ከዚያ ሁሉንም ተሸክሜ አውጥቼ በረንዳ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። ጀርባዬ ተቆረጠ። ጥፍሮቼ ሥር አፈር ገባ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ ውሃው። አጠጣኋቸው አልኩ እንጂ አልጠጡም ነበር። የፖት አፈር፣ በተለይ ፒት የሚባለው ከረግረግ የሚወጣው ዓይነት የበዛበት፣ ጨርሶ ከደረቀ ውሃ መምጠጥ ያቆማል። እንዲያውም ይገፋዋል። ደርቆ ሲኮማተር ከፖቱ ግድግዳ ይለቃል፣ ውሃው በክፍተቱ በኩል ሽው ብሎ ወርዶ ሳህኑ ላይ ይጠራቀማል። ሳህኑ ሞላ፣ እኔም ጠገቡ አልኩ። የፒስ ሊሊዋን ሥር ያቀፈው የአፈር ድፍን አዲሱ አፈር መሃል እንደ ቡሽ ደርቆ ተቀምጦ ነበር። መፍትሔው የዋህ ነገር ነው። ፖቱን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ መተው። ከሥር ቀስ እያለ ይስባል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ላይኛው አፈር ሲረጥብ ማውጣትና ማንጠፍጠፍ። ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ፀሐዩም ሌላ ጉድ ነው። ቀን ላይ ደጅ ያለው የፀሐይ ብርሃን በብርሃን መለኪያው በሉክስ አንድ መቶ ሺህ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ከመስኮት ራቅ ሲባል ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ዓይናችን ስለሚለማመድ ልዩነቱ አይታወቀንም። ክፍሉ ለእኛ "ብርሃን ነው"። ለተክሉ ግን ከጓዳ ወጥቶ እቶን ፊት እንደ መቆም ነው። ፒስ ሊሊዋ በሁለት ቀን ቅጠሏ ላይ ነጭ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ጠባሳ አወጣች። የተቃጠለ ቅጠል ደግሞ አይድንም። ማዳበሪያው ቀሪውን ጨረሰው። የደከመ ሥር ዙሪያ ጨው ሲበዛ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ጫፉ ይቃጠላል። ውሃ መሃል ቆማ በጥም የሞተች ተክል አየሁ ብል አትመኑኝም። ግን አየሁ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ሳንሴቬሪያው ነው። ደህና የነበረው። ምንም ያልጠየቀኝ።

እሱን እኮ ለምን እንደነካሁት እስካሁን አላውቅም። አራት ወር ችሎ የቆመ ተክል ምን ጎደለው? ምንም አልጎደለውም። ተክሉ የተሠራው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ውሃ ያጠራቅማል። ብዙ ተክል በቀን የሚከፍታቸውን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች እሱ በዋናነት ማታ ነው የሚከፍታቸው፣ ፀሐይ ውሃውን እንዳትወስድበት። ውሃ ያልሰጠሁት ጊዜ ለእሱ ዕረፍት ነበር። እኔ ግን ሰልፍ ላይ ስለነበረ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ባልዲውን ደፋሁበት። በማግስቱም። ከሦስት ቀን በኋላም። ትልቅ ፖት ስለነበረ አፈሩ ውሃውን ይዞ ቀረ። ሥሩ ትንሽ፣ አፈሩ ብዙ፣ ማን ይጠጣዋል?

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ቅጠል ዘንበል አለ። ጠማው ብዬ ደግሞ አጠጣሁት። በነጋታው ላቃናው ስይዘው ከሥሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ግርጌው ለስልሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሲጫኑት ውሃ ያወጣል። ሽታው ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የቆየ የአበባ ግንድ ሽታ ነው። ፖቱን ገለበጥኩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው። የእኔ ጠቁሮ ስጎትተው ቆዳው እንደ ካልሲ ወለቀ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ።

ሥር ይተነፍሳል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ወይም አውቄ አላሰብኩበትም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ክፍተት አለ፣ ክፍተቱ ውስጥ አየር አለ፣ ሥሩ ኦክስጅን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ ክፍተቱን ሞልቶ ካልወረደ ሥሩ ይታፈናል። ሲዳከም ደግሞ ፒቲየምን የመሳሰሉ እርጥበት የሚወዱ አበስባሾች ይገቡበታል። የበሰበሰ ሥር ውሃ ወደ ላይ መላክ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ይጠወልጋል። አያችሁ ጉዱን? ውሃ ያነሰው ተክልና ውሃ የበዛበት ተክል የሚያሳዩት ፊት አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ይጠወልጋሉ። ጥፋተኝነት የሚሰማው ሰው ደግሞ የጠወለገ ነገር ሲያይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ።

እኔ እንደሚመስለኝ በቤት ውስጥ ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ ነው። ችላ በማለት ሳይሆን ችላ ካሉ በኋላ በመደንገጥ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ያደረግኩት ለእነሱ አልነበረም። ማታ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አቆምኩ። ባልዲውን አስቀመጥኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ላለማድረግ ወሰንኩ። ጠዋት ጠዋት ብቻ መስኮቱ ዘንድ ሄጄ ማየት። መጋረጃው እንደሆነ አልተሰቀለም፣ እስካሁንም አልሰቀልኩትም።

ማየት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። እጅ ያሳክካል። ግን ሲያዩ ሲያዩ አንዳንድ ነገር ይገለጣል። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ መክተት፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ መሆኑን ያሳያል። ፖቱን ማንሳት ደግሞ ከጣትም ይበልጣል። የጠጣ ፖት ይከብዳል፣ የጠማው ይቀላል። አሁን ክንዴ ያውቀዋል። ቅጠል ላይ የተኛውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ያ ሁሉ አቧራ ብርሃን ይከለክል ነበር። ጄዱ ላይ ያሉትን ነጫጭ ተባዮች በአልኮል በነከርኩት የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ነካሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በሳምንቱ እንደገና ብቅ አሉ። እንደገና ነካሁ። ሦስተኛ ጊዜም። ይሄን ሥራ ወድጄዋለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት መጠኑ ስለሚታወቅ ይሆናል። አንድ ነጥብ፣ አንድ ጥጥ።

ፖቶሱን ቆራረጥኩት። ሁለት ሜትር ባዶ ገመድ መሸከም ለማንም አይጠቅምም። ሐረጉ ላይ በየመሃሉ አበጥ ያለ አንጓ አለ፣ አንጓው ላይ ትንሽ ቡናማ ጉብታ አለች። ሥር የሚወጣው ከእሷ ነው። አንጓ የሌለው ቁራጭ ዓመት ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ተክል አይሆንም። አንጓ ያለውን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነጭ ነጥብ ወጣ፣ ነጥቡ ረዘመ። ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ከመቀየር በቀር ያደረግኩት ነገር የለም።

ለሳንሴቬሪያውም የማርያም መንገድ ተገኘለት። የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ። ጤነኛ ከሆነው የቅጠል ጫፍ የጣት ርዝመት ያላቸው ቁራጮች አወጣሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ወረቀት ላይ አስተኝቻቸው ከዚያ ተከልኳቸው። ላይና ታቹን መገልበጥ አይቻልም፣ ተዘቅዝቆ የተተከለ ሥር አያወጣም። አንድ ነገር ግን አለ። የእኔው ሳንሴቬሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ነበር፣ ያማረው በእሱ ነው። ከቅጠል ቁራጭ የሚበቅለው ልጅ ቢጫውን ጠርዝ ይዞ አይመጣም። አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ይመለሳል፣ ግን እንደነበረው አይመለስም። ይሄን ሳነብ መቀሱን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የሞቱትን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ፈርኑንና ፒስ ሊሊዋን ጣልኳቸው። ፊከሱን በጥፍሬ ፈተንኩት። የግንዱን ቅርፊት ትንሽ ሲፍቁት ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዱ መሞከር ነው። ከጫፍ እስከ አፈር ድረስ ወረድኩ። ቡናማ፣ ቡናማ፣ ቡናማ። ተሰናበትኩት። የሞተ ተክል ለንስሐ ብሎ ለወራት የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ፣ ራሴን ማለት ነው። አይጠቅምም። ፖቱን በሳሙና አጥቤ አስቀመጥኩት።

በነገራችን ላይ፣ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ "ተክል አየር ያጣራል፣ ለጤናሽ ነው፣ እንደገና ግዢ" ይሉኛል። ይሄ ወሬ የተነሳው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ ግን የተደረገው ተዘግቶ በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ተመራማሪዎች የእነዚህን ሙከራዎች ውጤት ሰብስበው አሰሉት። መስኮት ከሚያስገባው አየር እኩል ለማጣራት በአንድ ካሬ ሜትር ከአሥር እስከ አንድ ሺህ ተክል ያስፈልጋል። ሳሎኔ ጫካ ሆኖ እኔ ደጅ ማደር አለብኝ ማለት ነው። እኔ ግን ይሄን ስሰማ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ተክሎቹ ለእኔ የሚሠሩት ሥራ የለም። እዚያ ናቸው፣ በቃ።

ወደ ድራሲናዋ ልመለስ። እሷን እስከ መጨረሻ ያቆየኋት ፈርቼ ነው። ለመፋቅ። ግንዷ ቡናማ ቢሆን ለእማማ ምን እላለሁ?

አንድ እሁድ ከጫፉ ጀመርኩ። ደረቅ። ወረድ አልኩ። ደረቅ። የላይኛው ግማሽ ሲጫኑት ባዶ ቱቦ ነው፣ ይሰረጉዳል። ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብዬ ጥፍሬን ሳሳርፍ ግን ጥፍሬ እርጥብ ሆነ። ከቅርፊቱ ሥር እንደ ያልበሰለ ፍሬ ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ አለ። ጮክ ብዬ "አለች!" አልኩ። ማንም አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ለሰው ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። አንዲትን ተክል ለማዳን ግማሿን በመጋዝ መቁረጥ። መጋዙን በአልኮል ጠረግኩት፣ ከሕያው ክፍል ላይ ቆረጥኩ። የቀረው አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ነው። ቅጠል የለ፣ ቅርንጫፍ የለ። የመጥረጊያ እጀታ ሰብሮ አፈር ውስጥ የሰካ ሰው መሰልኩ።

የሚሠራበት ምክንያት ግን አለው። የተክል ጫፍ ኦክሲን የሚባል ነገር እያመነጨ ወደ ታች ይልካል፣ ጎን ላይ ያሉትንም እምቡጦች "ተኙ" ይላቸዋል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጡት ሥራቸው ትናንሽ ቡቃያዎችን ጫፋቸውን እየሸፈኑ ብርሃን ሲያበሩባቸው ጫፉ የተሸፈነው ወደ ብርሃን እንደማይታጠፍ አይተዋል። ከጫፍ ወደ ታች የሚሄድ መልእክት እንዳለ የገባቸው ያኔ ነው። ስሙ የተሰጠው በኋላ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ትእዛዙ ይቋረጣል። ግንዱ ላይ ለዓመታት የተኙት እምቡጦች ይነቃሉ። ቢነቁ ማለቴ ነው።

ስምንት ሳምንት እንጨት አየሁ።

ያን ጊዜ ስለ ሌላ ተክል አነበብኩ። ለንደን ኪው በሚባለው የዕጽዋት ማዕከል ውስጥ ሳይካድ የሚባል ዘንባባ የሚመስል አንድ ተክል አለ። ፍራንሲስ ማሰን የሚባል ተክል ሰብሳቢ ከደቡብ አፍሪካ ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ከዚያ ጀምሮ በፖት ውስጥ ይኖራል። በፖት ካሉ ተክሎች ሁሉ ያረጀው ነው ይባላል። ሰው ሁሉ ዕድሜውን ያደንቃል። እኔ ያሰብኩት ግን አጠጪዎቹን ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት! ስንት እጅ ይሆን? አንዱ ሲያረጅ ለሌላው፣ ያም ለሌላው እያስረከበ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ሰነፍ አልነበረም? አንድ ሳምንት የዘለለ፣ "ነገ" ያለ፣ ከዚያ አፍሮ በሌላ በር የገባ? መኖሩ አይቀርም። ከእሱ በኋላ የመጣው ሰውዬ ምን እንዳደረገ ነው ማወቅ የምፈልገው። ባልዲ ይዞ ሮጠ ወይስ መጀመሪያ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ?

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ እንጨቷ ላይ ከተቆረጠው አፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቅርፊቱ አበጠ። መጀመሪያ ተባይ መስሎኝ የጆሮ ጥጡን ይዤ መጣሁ። ጠጋ ስል ቅርፊቱ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ሹል፣ ሐምራዊ የነካካት አረንጓዴ ነገር አለች። አልነካኋትም። ትንፋሼንም ያዝኩ፣ ሞኝነት እንደሆነ ባውቅም። ውሃ ላጠጣት እጄ ተነሳ። ፖቱን አነሳሁት። ከባድ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሌላ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ቅጠል እስኪወጣ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው፣ ስልኩን ፈርቼ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደወልኩ።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ እማማ። የፊት ለፊቷ።"

"አንቺ! ጠፋሽ እኮ! ደህና ነሽ ልጄ? ታመሽ ነው?"

ይኸው ደግሞ፣ ምክንያት ሰጡኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"አልታመምኩም። ደህና ነበርኩ" አልኳቸው። "ድራሲናዋን አድርቄያት ነው። አፍሬ ነው ያልደወልኩት።"

ዝም አሉ። ከጀርባቸው ቴሌቪዥን ይሰማል። ከዚያ ሳቁ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፣ እስኪያስላቸው።

"እናቷንም እኔ ነኝ የገደልኳት" አሉ።

"የማንን እናት?"

"የሷን። አንቺ ጋ ያለችው ከዚያችኛዋ ላይ ተቆርጣ የተተከለች ናት። እናትየዋን ውሃ አብዝቼ አበሰበስኳት። ይቺን ቁራጭ ብቻ ነው ያተረፍኩት። አልነገርኩሽም እንዴ?"

አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ ተክል አጥፍተው የማያውቁ እናት አድርጌ ስፈራቸው ኖሬያለሁ።

"ታዲያ አቆጠቆጠች?" አሉኝ።

"አቆጠቆጠች።"

"ስንት ቅጠል አላት?"

"ይቆዩኝ፣ ልየው።" ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መሽቶ ስለነበር መብራት አበራሁና ጎንበስ አልኩ። አንዱ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቷል፣ መሃሉ ላይ ቢጫው መስመር አለ። ሁለተኛው ግማሽ ድረስ ተፈቷል። በመሃላቸው ሌላ አንድ፣ እንደ ቀጭን ሲጋራ ተጠቅልሎ ቆሟል።

"እማማ፣ ያልተፈታውም ይቆጠራል?" አልኳቸው።